ንፋስ ላይ በተሰቀለ መኪና ሥር አይተኛም!

ቅዳሜ ከሰዓት ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ብቅ ካላችሁ ትርኢት አታጡም። አንዱ ቪትዙን በባልዲ ውኃ ያሽሞነሙናል፣ አንዱ ኮፈን ከፍቶ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱ ደግሞ ካርቶን አንጥፎ ግማሽ አካሉን መኪናው ሥር ቀብሯል። ድሮ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ወይ መካኒክ ነው ወይ የመካኒክ ረዳት። ዛሬ የባንክ ሠራተኛውም፣ መምህሩም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚውለውም ቅዳሜ ሲሆን ቱታ ይለብሳል። አይፈረድበትም! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሶማሌ ተራ ሄዶ የፍሬን ሸራ ዋጋ የጠየቀ ሰው "ይሄ የሸራው ነው የመኪናው?" ብሎ ሳይስቅ አልተመለሰም። ዕቃው እንዲህ ከሆነ ቢያንስ የእጅ ዋጋውን ላትርፍ ማለት ያባት ነው።

ለዚህ የቅዳሜ ጉባዔ ሰሞኑን አዲስ እንግዳ መጥቶለታል። የአየር ክሪክ!

እኛ እስከ ዛሬ ክሪክ ስንል የምናውቀው ስኮርት ጎማው አጠገብ ታጥፎ ከመኪናው ጋር የሚመጣውን ባለ መቀሱን ነው። እንደ ጠርሙስ የሚቆመውና በዘንግ የሚጨቀጨቀው የዘይት ክሪክም አለ። ጋራዥ የገባችሁ ደግሞ በትንንሽ ጎማዎች እየተገፋ የሚሄደውን ረዥሙን አይታችኋል። የአሁኑ ግን ከነዚህ ከአንዱም አይወለድም። ጥርስ የለው፣ ዘይት የለው። ከረጢት ነው። ከመኪናው ሥር ታስገቡታላችሁ፣ አየር ትሞሉታላችሁ፣ መኪናው ይነሳል። በቃ!

ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ትልልቅ የጎማ ቤቶች የሚሠሩበት ሲሆን እንደ ድፎ ዳቦ የተደራረቡ ሁለት ወይም ሦስት የጎማ ከረጢቶች ከላይና ከታች ብረት ተደርጎላቸው በኮምፕሬሰር ይነፋሉ። በሴኮንዶች ውስጥ መኪና ያነሳል፤ ጎማው ተቀይሮ ወዲያው ይወርዳል። ሁለተኛው አሁን ሠፈራችንን ያጥለቀለቀው ነው። ወፍራም የሸራ ከረጢት፣ ሲታጠፍ ኮፈን ውስጥ የሚገባ፣ ቱቦውን መኪናው ጭስ ማውጫ ላይ ገጥማችሁ ሞተር አስነስታችሁ በጭሱ የምትነፉት። አንዳንዱ በትንሽ ኮምፕሬሰርም ይነፋል። ይኼኛው መጀመሪያ የተሠራው ለጭቃና ለአሸዋ ተጓዦች ነው። ብረት ክሪክ አፋር አሸዋ ላይ ብታቆሙት መኪናውን ከማንሳቱ በፊት ራሱ ይሰምጣል። ከረጢቱ ግን ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፈው አይሰምጥም። በዚህ ሥራው እኔ ራሴ ባርኔጣዬን አወልቅለታለሁ። ግን ልደታ አሸዋ የለም፤ ያለው አስፋልትና ኮብልስቶን ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አስወራኝ? ብዙ ወጣት ከረጢቱን አይቶ "ክሪክ ነው" ስለተባለ ብቻ እንደ ጋራዥ ሊፍት ቆጥሮ ሥሩ ሲገባ እያየሁ ስለሆነ ነው!

ትንፋሽ እንዴት መኪና ያነሳል?

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አትሽሹ። ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ "32 አርግልኝ" ትላላችሁ አይደል? ያ ቁጥር ጎማው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ነው። ከረጢቱ መኪና ለማንሳት በዚያው መለኪያ 10 ቢኖረው ይበቃዋል። በኪሎ ሲለወጥ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 0.7 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። እዚህ ግባ የማይባል! ነገር ግን ከረጢቱ ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የላዩ ስፋት ከ2,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። 0.7ን በዚያ አባዙት፤ ሁለት ቶን ገደማ ይመጣል። ቪትዝ ባዶዋን አንድ ቶን አካባቢ ናት። ገባችሁ? ጉልበቱ ያለው ስፋቱ ላይ እንጂ ግፊቱ ላይ አይደለም።

ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ከረጢት ሲነፋ ወደ ኳስ ይጠጋል። ወደ ኳስ በተጠጋ ቁጥር መኪናውን የሚነካው የላይኛው ፊቱ ይጠባል። ፊቱ ሲጠብ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መወዛወዝ ይጀምራል። ኳስ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። እኔ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ቪትዙን በከረጢት ሰቅሎ ሲያሳየኝ ጣሪያዋ ላይ አንድ መዳፌን አሳርፌ ገፋ አደረግኳት። ያቺ የአንድ ቶን መኪና እንደ ጨቅላ አልጋ ተወዛወዘች! ጎረቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የብረቱም ክሪክ ቢሆን ምሉዕ በኩለሄ አይደለም። ባለ መቀሱ ተዳፋት ላይ ይጋደማል። የዘይቱ ክሪክ ደግሞ ጎሚኒው ካለቀ ሳታዩት ቀስ እያለ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ብረት ሲጣመም ቢያንስ ይንቋቋል። ከረጢት ግን ጎኑ ሹል ነገር ነክቶት ከተተረተረ ወይም ከሥር ተንሸራቶ ከወጣ "እህ" ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የሆነው እንዲህ ነው

ይሄው ጎረቤቴ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክራባት አሥሮ ባንክ የሚሠራ ልጅ ነው። ከረጢቱን አክስቱ ከዱባይ ልካለት ነው። የፊት ፍሬን ሸራ ሊቀይር በአንዱ ጎን ሰቀላት። ፒ ላይ አድርጓል፣ የእጅ ፍሬን ይዟል፣ ከዚያ ወዲያ ታኮ ምናምን የሚባል ነገር አላደረገም። ጎማውን ፈታ፤ ፈቶም ወደ ጎን ወረወረው።

በረንዳው ሥር ወንበር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አባት ነበሩ። እኚህ ሰውዬ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ ሠፈር ጎሚስታ የነበሩ ናቸው። ዓይናቸው ትንሽ ደከም ቢልም ጎማ ሲወረወር ግን ይሰማሉ።

"አንተ ልጅ፣ ጎማውን ከሥሯ አስተኛው" አሉት።

"ኧረ ጋሼ፣ ይቺ እኮ አራት ቶን ታነሳለች ነው የሚለው፣ ላይዋ ላይ ተጽፏል።"

"ያነሳል አልተባለ። አላነሳም መች አልኩህ? አስተኛው ብያለሁ!"

ልጁ አምኖ ሳይሆን አክብሯቸው ጎማውን አንስቶ ከበሩ ሥር አስተኛው። ሩብ ሰዓት አልሞላም። የካሊፐሩ ብሎን ዝጎ አልፈታ ይለውና ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ይስባል። መኪናዋ ወዘወዝ... ከረጢቱ ኮብልስቶኑ ላይ ተንከባለለና ወጣ። ቪትዟ ዷ! ብላ ወረደች። ያረፈችው ግን መሬት ላይ ሳይሆን ሰውዬው አስተኛው ባሉት ጎማ ላይ ነው። የልጁ ቀኝ እጅ እስከ ክርኑ ድረስ ከውስጥ ነበር። ቆዳው ተላጠ፣ ሰዓቱ ተሰበረ። በዚህ አለቀ። ሌሎቻችን አፋችንን ይዘን ስንቀር ሰውዬው ወንበራቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ።

እኔ ማታ ወርጄ ያንን ጎማ አየሁት። ጎኑ ላይ 165/70 የሚል ተጽፏል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማው ሲተኛ ያተረፈው ክፍተት 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። ለክንድ ይበቃል። ለደረት ግን አይበቃም! የአዋቂ ሰው ደረት ከዚያ ይወፍራል። ልጁ እጁን ሳይሆን ራሱን አስገብቶ ዘይት የሚቀይር ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ወሬ ሌላ ነበር። የተኛ ጎማ ጥሩ ነው፤ የሽማግሌ ጥበብ ነው፤ ግን ሁለተኛ ዘብ እንጂ ዋና ዘብ አይደለም።

ዋናው ዘብ ማነው?

ዋናው ዘብ ስታንድ የሚሉት የብረት ድጋፍ ነው። እግሩ ሰፊ፣ ከፍታው በጥርስ ወይም በወፍራም ፒን የሚቆለፍ። አየር የለውም የሚወጣ፣ ዘይት የለውም የሚያፈስ። በየትኛውም ክሪክ አንሱ፤ በከረጢትም ቢሆን ግድ የለኝም። ካነሳችሁ በኋላ ግን ሁለት ስታንድ አስገቡና መኪናውን ቀስ አድርጋችሁ ስታንዱ ላይ አሳርፉት። ከዚያ በእጃችሁ ወዝወዝ አድርጋችሁ ፈትኑት። መውደቁ ካልቀረ እናንተ ውጪ ሳላችሁ ይውደቅ። ከዚያ ወዲያ ነው ካርቶን የሚነጠፈው።

"ስታንድ የለኝም፣ ብሎኬት አለኝ" የሚል አይጠፋም። እባካችሁ! ብሎኬት ግድግዳ ላይ ጎበዝ የሚሆነው ክብደቱ እኩል ሲዳረስበት ነው። መሃሉ ባዶ ነው። የመኪና ብረት ጠርዝ በአንድ ነጥብ ሲጫነው ቀድሞ አይሰነጠቅም፣ አይለምንም፤ ባንድ ጊዜ ዱቄት ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ደግሞ ከግንባታ የተረፈ ብሎኬት ስለማይጠፋ እጅ ቶሎ ይሄድበታል። የግድ ከሆነ ደረቅ ወፍራም ጣውላ በመስቀለኛ ደርድሩ። እንጨት ሲጨነቅ ይጮሃል፤ ቢያንስ ያስጠነቅቃል። ሠፈር ብየዳ ቤት ስታንድ የሚያሠሩም አይቻለሁ። ብየዳው እንዴት እንደያዘ ከላይ በቀለም ተሸፍኖ አይታይም፤ እኔ በግሌ ራሴን ሥሩ አላስገባም።

የት እንደምትሰቅሉም ምረጡ። ሜዳው ቀጥ ያለ ይሁን። የሠፈራችን ኮብልስቶን እዚህ ጎበጥ እዚያ ጎድጎድ ነው፤ ስታንዱ አንዱ እግሩ ጉድጓድ ላይ ከዋለ ዋጋ የለውም። ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጉበት። ከቀላል ባቡሩ ጎን ባለው መንገድ ዳር ጎማ መቀየር የደረሰበት ሰው ምርጫ የለውም፤ ለዘይት ቅየራ ግን ማን አስገደደህ?

የልጆቹንም ነገር እንዳትረሱ። ግቢያችን ኳስ ሜዳም ነው። ኳሷ መኪና ሥር ስትገባ ልጁ ክሪክ አይታየውም፤ የሚታየው ኳሷ ናት። ከረጢቱ ደግሞ በቀለም ያማረ፣ እንደ መጫወቻ የተነፋ ነገር ነው። ቢመታው፣ አየር መልቀቂያውን ቢነካው... አልጨርሰውም። መኪና ሰቅላችሁ ወደ ቤት ምሳ ልትበሉ አትግቡ።

ፒ ላይ አድርጌያታለሁ!

እቺ ቃል ስንቱን አዘናጋች። ቪትዝ የምትጎተተው በፊት ጎማ ነው። ፒ ስታደርጉ የሚያዘው የፊቱ ነው። አንዱን የፊት ጎማ አየር ላይ ስትሰቅሉት ግን ያ ጎማ እንደልቡ ስለሚሽከረከር መሬት ላይ የቀረውም ጓደኛው ለመሽከርከር ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ፒ የያዘላችሁ ነገር የለም! የቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። በስንቱ አሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ገመዱ ላልቶ እንደ ጌጥ ነው የተቀመጠው። መፍትሔው ታኮ ነው። ከፊት ስትሰቅሉ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላቸው፣ ከኋላ ስትሰቅሉ የፊቶቹን። ድንጋይ ይሁን፣ የተቆረጠ እንጨት ይሁን፣ ጠጋ ብሎ የሚቆነጥጥ ይሁን እንጂ ክብ ድንጋይ አይሁን።

በነገራችን ላይ ታኮ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ፍሬን... ልብ ብላችኋል? ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲሄድ ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ጥሎት ሄደ። የአየር ከረጢቱ ግን የጣሊያን ስም የለውም፤ ልጆቹ "ባሉን" እያሉ ይጠሩታል። እውነት ነው፣ ባሉን ነው።

ዳዶውን ደግሞ መኪናው መሬት ላይ ሳለ ግማሽ ዙር ያህል ፈታ አድርጉት። ከተሰቀለ በኋላ ያልተፈታ ዳዶ ጋር መታገል ከረጢቱን መግፋት ነው። ስትመልሱም በመስቀለኛ እያጠበቃችሁ የመጨረሻውን ጥብቀት መሬት ካረፈች በኋላ ጨርሱ። መፍቻው ላይ በሁለት እግር የሚዘሉ ጀግኖች አሉ። ለቪትዝና ለኮሮላ ፋብሪካው የሚጠይቀው 103 ኒውተን ሜትር ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። መዝለል አያስፈልግም! ዘላችሁ ያጠበቃችሁትን ዳዶ ሌላ ቀን መንገድ ላይ እናንተው ናችሁ የምትፈቱት። ብሎኑም ሊቆረጥ ይችላል።

ጭሱስ?

ይህን ያነሳሁት ብዙ ሰው አስቦት ስለማያውቅ ነው። ከረጢቱን በጭስ ማውጫ የምትነፉ ከሆነ የምትሞሉት ንጹሕ አየር አይደለም። ውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ስሙ ፈረንጅ ቢሆንም እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ በር ዘግተው ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እሱ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ቱቦው ጭስ ማውጫው ላይ በትክክል ካልገጠመ ከጎኑ ያፈሳል። ሥራ ጨርሳችሁ ከረጢቱን ስታስተነፍሱ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ይወጣል፤ እናንተም ጎኑ ተንበርክካችኋል። ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ፎቅ ሥር ባለ ዝግ መኪና ማቆሚያ ወይም ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። የምድር ቤት ሱቆችና ጠባብ በረንዳ ጥግም ያው ናቸው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሥራውን ትታችሁ ወደ ክፍት አየር ውጡ። "ትንሽ ልጨርስና" አይባልም።

ቱቦው የሚገጠምበት ጭስ ማውጫም ይፋጃል። ከረጢቱ ራሱ የጋለውን ቱቦ ከነካ ይቀልጣል። ስታስገቡት ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርጉት፤ ከላዩም ከሥሩም ወፍራም ምንጣፍ ወይም አሮጌ የጎማ ቁራጭ ጣል አድርጉበት። ከላይ የብሎን ጫፍ አለ፣ ከታች የተሰበረ ጠርሙስ። እንኳን ሸራ ጎማም ይበሳል። አሮጌ መኪና ደግሞ ጭስ ማውጫው መንገድ ላይ የተበሳሳ ከሆነ ከረጢቱ ጨርሶ አይነፋም፤ ሞተር ስታገሱ ብትውሉ ቤንዚን ማቃጠል ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁስ? ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ግቢያችን ውስጥም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። ጭስ ማውጫ የላቸውም፤ ስለዚህ የጭሱ ነገር አበቃ። ሌላ ነገር ግን አላቸው። ባትሪው ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ነው የሚተኛው። ከረጢት ደግሞ በባሕርዩ ጠርዝ አያውቅም፤ ሲነፋ መሃል ወለሉን ነው የሚገፋው። ያን ባትሪ በከረጢት መግፋት ማለት መኪናው ላይ ካለው ውድ ዕቃ ሁሉ ውዱን በቡጢ መምታት ነው። ክብደታቸውም ቀላል አይደለም፤ የቮልስዋገን አይዲ 4 ዓይነቱ ሁለት ቶን አካባቢ ይመዝናል፤ ሁለት ቪትዝ በሉት። እነዚህን በፋብሪካው የመስቀያ ምልክት ላይ ብቻ፣ በብረት ክሪክ አንሱ። ምልክቱ የት እንዳለ መመሪያ መጽሐፉ ላይ በሥዕል አለ። መጽሐፉ በቻይንኛ ከሆነ ሥዕሉን እዩት፤ ሥዕል ቋንቋ የለውም። ብዙዎቹ ስኮርት ጎማ ይዘው አይመጡም፤ ጎማ ሲተነፍስ መጀመሪያ የምትፈልጉት ክሪክ ሳይሆን ስልክ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ አይገዛ ነው የምትለን?

አላልኩም። እዚያው ግቢ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ልጅ ከረጢቱን ከወንዶቹ ሁሉ በተሻለ ትጠቀምበታለች። የባለ መቀሱን ክሪክ እጀታ ማዞር ትከሻዋን ያማት ነበር። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ትንሽ ኮምፕሬሰር አላት፤ በጭስ አትነፋም። ይቆያል፤ እሷ ግን ሻይዋን ይዛ ትጠብቃለች። ታኮ አድርጋ፣ ዳዶ ቀድማ ፈታ አድርጋ፣ ስኮርቷን መጀመሪያ ከበሩ ሥር አስተኝታ፣ ከፍ አድርጋ፣ ጎማ ቀይራ ታወርዳለች። የወለቀውን ጎማ ስኮርቱ በነበረበት ሥፍራ ትተካለች። አንድ ቀን "ዘይትሽንስ ራስሽ ትቀይሪያለሽ?" ብላት፣

"ሥር ገብቼ? በዚህ ባሉን? አንተ ደግሞ! ለሱ ጋራዥ አለ" አለችኝ።

ጎማ ለመቀየር፣ ከጭቃ ለመውጣት፣ ክፍለ አገር ለሚሄድ ሰው፣ የበሩ ሥር ጠርዝ ዝጎ ብረት ክሪክ ሲነካው ለሚፈርስ አሮጌ መኪና ከረጢቱ ጥሩ ዕቃ ነው። ሠፈር ውስጥ ለሚቀያየር ሰው ግን ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቀድማችሁ ጥንድ ስታንድ ግዙ። የዘይት ክሪክ ከዚያ ይከተላል። ከረጢቱ ሦስተኛ ነው።

ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን የቶን ቁጥር ብቻ አታንብቡ፤ ስፌቱን በጣታችሁ ዳሱት፣ መክፈቻውን ከፍታችሁ ዝጉት፣ ሻጩ ፊት ባዶውን አስነፍታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ቤትም ከገባ በኋላ ዘይትና ፀሐይ አያግኘው፤ ሳይደርቅ አይታጠፍ። ዕቃ ቤት የምታስቀምጡት ከሆነ ደግሞ አይጥ አለ። የባንኩ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከረጢቱን ሊሸጠው አውጥቶ ሲነፋው በአንዱ ጥግ "ፍስስስ" ሲል ሰማን። አይጥ በልታዋለች። አሁን ሁለት ቢጫ ስታንድ ገዝቷል፤ የጎሚስታው አባት አንዱን ወስደው የቡና ጀበና ማስቀመጫ አድርገውታል፣ እስከ ቅዳሜ ብቻ ብለው።